ረጅም ርቀት በፈረስ፦ አይቼ አይቼ የሰለቹኝ የጀማሪ ስህተቶች

ባለፈው ቅዳሜ ከሐይቅ ወደ ቦሩ ሜዳ በሚያወጣው መንገድ ፈረሱን እየሳበ በእግሩ የሚያዘግም ወጣት አይታችሁ ከሆነ፣ የኛ ልጅ ነው። ፈረሱ አላነከሰም። ልጁ ጠዋት የሠራውን ከሰዓት በኋላ እየከፈለ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለልምምድ አራት ሆነን ከቦሩ ሜዳ ተነሳን። ሐይቅ ደርሶ መልስ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ መሄጃው ቁልቁለት፣ መመለሻው ዳገት። ልጁ ገና ኮርቻው ላይ ከመውጣቱ "ቼ!" ብሎ ሽምጥ ጋልቦ ጥሎን ሄደ። እኛ በሶምሶማ ተከተልን። ቁልቁለቱ ሲጠና ወርደን በእግር ሄድን። ስንደርስ እሱ ከደረሰ 20 ደቂቃ ሆኖት ሻዩን ይጠጣል። "ጋሼ፣ ምነው ዘገያችሁ?" አለኝ።

ሄጄ ፈረሱን አየሁት። ሣር ቀርቦለት አይበላም። ልቡን ስቆጥር በ15 ሰከንድ 21 ምት፣ በደቂቃ 84 መሆኑ ነው። ያውም 20 ደቂቃ አርፎ! የኔ ባዝራ በደረሰች በአምስት ደቂቃ በ15 ሰከንድ 15 ምት፣ በደቂቃ 60 ላይ ነበረች።

በረጅም ርቀት የፈረስ ውድድር መንገዱ በምዕራፍ በምዕራፍ ይከፈላል፤ በየምዕራፉ መጨረሻ የእንስሳት ሐኪም ቆሞ ይጠብቃችኋል። የፈረሱ ልብ በተሰጠው ደቂቃ ውስጥ ወደ 64 ካልወረደ ውድድሩ እዚያው ያበቃል። በመሃል ባሉት ምዕራፎች ደግሞ ሰዓታችሁ የሚቆመው ፈረሱ ሲደርስ ሳይሆን ልቡ ወርዶ ሐኪሙ ፊት ስታቀርቡት ነው። ስለዚህ የቀደመው ልጅ አልቀደመም። ውድድር ቢሆን ኖሮ ሻዩን ሳይጨርስ ይሰናበት ነበር። ይኼን ስነግረው ፊቱ ጠቆረ። "አብሽር፣ ፈረሱ ነገ ደህና ይሆናል። ዳገቱን ግን በእግርህ ነው የምትወጣው" አልኩት።

ብዙ አልፈርድበትም። ያደግንበት ነገር ነው። ወሎ የፈረሰኛ አገር ነው። ንጉሥ ሚካኤልን ራሳቸውን በፈረስ ስማቸው አባ ሻንቆ እያልን እንጠራቸዋለን። ፈረስ ሲባል ቶሎ የሚታየን ጉግስ ነው፦ አቧራ፣ እልልታ፣ ጥቂት ደቂቃ ሽምጥ፣ አበቃ። አንድ ነገር ግን እንረሳለን። የድሮ መኳንንት ረጅም መንገድ የሚሄዱት በበቅሎ ነበር። ፈረሱ ባዶውን እየተሳበ ይከተላል፤ የሚወጡበት ውጊያው ሲደርስ ነው። እናንተ አሁን ፈረሱን የበቅሎ ሥራ ልታሠሩት ነው። እንግዲያው እንደ በቅሎ ያዙት። ለጀማሪ በሰዓት ከ8 እስከ 10 ኪሎ ሜትር ከበቂ በላይ ነው። በመጀመሪያው ሰዓት ልሂድ ብሎ ልጓሙን ሲታገላችሁ ያዙት። የማትይዙት ከሆነ ቤታችሁ ተቀመጡ።

ልብ መቁጠር ደግሞ የሐኪም ሥራ ብቻ አይደለም። እጃችሁን ከግራ ክርኑ ኋላ፣ የኮርቻው ጠፍር ከሚያርፍበት አካባቢ አስገቡ። 15 ሰከንድ ቁጠሩና በአራት አባዙ። ያረፈ ፈረስ በደቂቃ ከ30 እስከ 40 ገደማ ይመታል። በየጠዋቱ ቆጥራችሁ የራሳችሁን ፈረስ ቁጥር እወቁ። አንድ ቀን ያለምክንያት ከፍ ካለ፣ አትጫኑት።

በገብስ የሚሠራው ስህተት ደግሞ የኔው ነው። ክረምት ነበር። ዝናቡና ጉሙ አራት ቀን ሙሉ አላስወጣ አለን። ፈረሴ ጋጣው ውስጥ ቆሞ የወትሮውን ገብስ ሳይቀነስበት ይበላል። በአምስተኛው ቀን ጭኜ ወጣሁ። ግማሽ ሰዓት ሳንሄድ እርምጃው አጠረ፤ የኋላ እግሮቹ እንጨት ሆኑ፤ ላቡ ይንጠባጠባል። ሰነፈብኝ ብዬ አለንጋ አነሳሁ። ይኼን ስጽፍ አሁንም አፍራለሁ። ቆሞ ሲሸና ሽንቱ እንደ አቦል ቡና ጠቁሯል። ለካ ጡንቻው እየፈረሰ ኖሯል፤ ሽንቱን ያጠቆረው እሱ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ ወዲያው ውረዱ። እየነዳችሁ ቤት ላድርሰው እንዳትሉ፤ እያንዳንዱ እርምጃ ይጎዳዋል። ባለበት ይቁም፣ ውሃ ይቅረብለት፣ ሐኪም ይጠራ። ሥራ ፈትቶ በሚውልበት ቀን ገብሱን ቀንሱት፤ ሣርና ድርቆሽ ይበቃዋል። በጉዞ ጠዋትም መነሻው ሦስትና አራት ሰዓት ሲቀረው እህሉ ይቁም። ሣር ችግር የለውም።

"ያላበው ፈረስ ውሃ አይጠጣም" የሚሏችሁ አይጠፉም። ይጠጣ። ወንዝ ባገኛችሁ ቁጥር ይጠጣ። የፈረስ ላብ ከኛ ላብ ይልቅ ጨዋማ ነው፤ በሙቀት ሲሠራ በሰዓት 10 ሊትር ሊያጣ ይችላል። ከደሴ ብርድ ተነስታችሁ በሐረጎ ወደ ኮምቦልቻ ከወረዳችሁ ሙቀቱን ራሳችሁም ታዩታላችሁ። ጨው ካልተተካለት ደግሞ ውሃ ጎድሎት እያለ ጥሙ አይመጣለትም። አሞሌ ከጋጣው አይጥፋ።

ጂንስ ለብሳችሁ 40 ኪሎ ሜትር ጋልቡና ማታ ጭናችሁን አይታችሁ ንገሩኝ።

ኮረኮንች ላይ ከሄዳችሁ በየእረፍቱ ኮቴውን እያነሳችሁ እዩ። ትንሽ ጠጠር ነው ቀኑን የሚያበላሸው።

ኮርቻ ላይ ሰው ጌጡን ያያል። እኔ የማየው ከሥሩ ያለውን ነው። የተጨማደደ ብርድ ልብስ፣ ወጣ ያለ እንጨት፣ የደረቀ ጭቃ። ለገበያ መንገድ ምንም ላይመስል ይችላል፤ ስድስት ሰዓት ሲፈጋው ግን ፈረሱ ገጣባ ይሆናል። ኮርቻውን ስታወርዱ ጀርባውን ተመልከቱ። ዙሪያው በላብ ረጥቦ መሃል ላይ ደረቅ ቦታ ካለ፣ እዚያ ጋ ኮርቻው ተጭኖታል ማለት ነው። ቁስል እስኪሆን አትጠብቁ።

ዕድሜ ሌላው ጣጣ ነው። አንዱ ወዳጄ "ሰባት ዓመቱ ነው፣ ወላሂ" ተብሎ ፈረስ ገዛ። አፉን ከፍተን ብናይ የዳሩ የፊት ጥርሶች ገና የወተት ናቸው። እነሱ የሚለወጡት በአራት ዓመት ተኩል ገደማ ነው። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ለ160 ኪሎ ሜትር ውድድር 8 ዓመት ያልሞላው ፈረስ አያስገባም፤ ያለምክንያት አይደለም። ሳንባና ልብ በጥቂት ወራት ይጠነክራሉ። አጥንትና ጅማት ዓመት አልፎም ይፈልጋሉ። ፈረሱ ትንፋሽ ስላልቆረጠው ብቻ ደርሷል አትበሉ።

ክብደት ላይ ዝም ብል ይሻለኝ ነበር። ጋላቢው ከነኮርቻው ከፈረሱ ክብደት አንድ አምስተኛ ባይበልጥ ይመረጣል። ፈረሱ 250 ኪሎ ከሆነ 50 ኪሎ ማለት ነው። እኔ ብቻዬን 78 ነኝ። ለዚህ ነው ዳገቱንም ቁልቁለቱንም በእግሬ የምሄደው። ሰው ያየኝና "ፈረስ እያለው በእግሩ" ብሎ ይስቃል። ይሳቅ።

ብርዱን ደግሞ አትናቁ። አንድ ቀን ጉጉፍቱ ስንደርስ ፈረሴ በላብ ርሷል፤ የዚያን ቦታ ነፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል። እንዲያ አስሬው ሻይ ቤት ብገባ ስመለስ ወገቡ በብርድ ግትር ብሎ ይጠብቀኛል። ጋቢዬን አውልቄ ወገቡ ላይ ጣልኩለትና እስኪደርቅ ቀስ እያልኩ ዞር ዞር አደረግሁት። ሻይ ሻጯ "ጋሼ፣ እርስዎስ?" አለችኝ። እኔ ምድጃው ሥር ተቀመጥኩ። ጋቢው ሁለቴ ታጥቦም ፈረስ ፈረስ ይሸታል፤ ባለቤቴ እስከ ዛሬ ሳሎን አታስገባውም።