«እማማ፣ ዘይቱን ትንሽ ከፍ ያድርጉት»፦ አረጋውያንን ስንረዳ የምንሠራቸው ስህተቶች

ሐዋሳ ውስጥ የአንድ ሰፈር እድር ጸሐፊ ነኝ። እድር ጸሐፊ ስትሆን የምትይዘው ደብተር ብቻ አይደለም። የማን ቤት ያፈሳል፣ ማን ከማን ተኳርፏል፣ የትኛው አባወራ መዋጮ አቋረጠ፣ ሁሉም አንተ ጋ ይመጣል። ከታች የምጽፋቸውን ስህተቶች ሰው ሲሠራ አይቼ ብቻ አይደለም የማውቃቸው። አብዛኞቹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ።

በባነር ፊት መስጠት

ለፋሲካ ነው። ሠላሳ ምናምን አረጋውያን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ግቢ ውስጥ ተቀምጠዋል። የክብር እንግዳው የመጡት አምስት ሰዓት ላይ ነው። አንዲት እናት ባለ አምስት ሊትር ዘይት ተሰጣቸውና አመስግነው ሊሄዱ ሲሉ ካሜራ የያዘው ልጅ «እማማ፣ ትንሽ ከፍ ያድርጉት» አላቸው። ትከሻቸውን ያማቸዋል። ሁለቴ ከፍ አደረጉት። ሦስተኛው ላይ ዘይቱን መሬት አስቀመጡና ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አደረጉ። ከባነሩ አንዱን ጫፍ የያዝኩት እኔ ነበርኩ።

ሪፖርት ያስፈልጋል ይባላል። ልክ ነው፣ ያስፈልጋል። ፊርማና የጣት አሻራ አለ አይደል? ፎቶ የግድ ከሆነ የተፈረመበትን ገጽ ማንሳት ይቻላል። ዘይቱን ደግሞ ማታ ቤታቸው ድረስ አድርስላቸው። አምስት ሊትር ተሸክሞ ባጃጅ መጠበቅ ለእኔም ከባድ ነው።

ስብሰባ የመጣውን ብቻ መመዝገብ

የከተማ ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች ሲጀመር ሐዋሳ አንዷ ነበረች። መሥራት የሚችል እየሠራ ይከፈለዋል፣ መሥራት ለማይችሉ አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ሕመምተኞች ደግሞ «ቀጥታ ድጋፍ» አለ። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ችግሩ ያለው ታች፣ ስም ሲለቀም ነው። ስም የሚለቀመው ስብሰባ ላይ ነው፣ ስብሰባ የሚመጣው ደግሞ መራመድ የሚችል ሰው ነው። አልጋ ላይ የዋሉትን ማን አስታወሳቸው? የጤና መድኑም እንደዚያው ነው። መክፈል ለማይችል ደሃ መንግሥት ይከፍልለታል፣ ስሙ ዝርዝሩ ውስጥ ካለ።

ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው «ልጅ አላቸው እኮ» የሚለው ነው። ልጃቸው አረብ አገር ናት፣ ቤታቸው የራሳቸው ነው፣ ስለዚህ ይለፉ። ልጅቷ ከደወለች ስንት ወሯ እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። የራሳቸው የተባለው ቤትም ቢሆን ግድግዳው አይበላ። መልማይ ኮሚቴ ውስጥ ካለህ አንድ ከሰዓት በኋላ በር ለበር ዙር። ምድጃው እሳት ካየ ስንት ቀን እንደሆነው ገብተህ ስታይ ታውቃለህ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ላይ፣ የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን መንግሥት አረጋውያንን እንዲንከባከብ ይላል። እና ወረፋ ይዘው የቆሙትን አባት «ነገ ይምጡ» የሚለው ልጅ ከኪሱ የሚሰጥ ይመስል መኮሳተሩ ምን ይሉታል?

አጠገባቸው ሆኖ ልጃቸውን መጠየቅ

እናቴን ይዤ ሕክምና ሄድኩ። ባለሙያው ቀና ብሎ እኔን «ምኗን ነው የሚያማት?» አለኝ። እናቴ እዚያው ወንበር ላይ ናት፣ ጆሮዋ ከእኔ ይሻላል። «ምንዎን ነው የሚያምዎት?» ብሎ እሷን መጠየቅ ስንት ሰከንድ ይፈጃል? ቢሮም ባንክም እንዲሁ ነው። አሮጊቷ ወይም ሽማግሌው ከልጃቸው ጋር ከቆሙ ሁሉም የሚያናግረው ልጁን ነው። እኔ አሁን መልስ መስጠት አቁሜያለሁ። ዝም ብዬ ወደ እናቴ እዞራለሁ።

«እርጅና ነው» ብሎ መዝጋትም አለ። የዓይን ሞራ በአብዛኛው ከዕድሜ ጋር የሚመጣ ነው፣ ግን በቀዶ ጥገና ይነሳል። መስማት ያቃታቸው አባት ጆሯቸው በኩክ ተደፍኖ ሊሆን ይችላል። ድንገት መቀባዠር ከጀመሩ ደግሞ ኢንፌክሽን ወይም የሚወስዱት መድኃኒት ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ማሳየት ነው።

ሳይጠይቁ ቤት ማደስ

ይሄኛው ላይ ትንሽ ልቆይ። ክረምት በመጣ ቁጥር የበጎ ፈቃድ ቤት እድሳት አለ፣ እሰየው ነው። የጎረቤቴን የእማማን ጭቃ ቤት ወጣቶቹ አፍርሰው በሁለት ሳምንት ውስጥ አዲስ አቆሙላቸው። ቀለም ተቀባ፣ ሪባን ተቆረጠ። ጎርፍ እንዳይገባ ተብሎ ወለሉ ከፍ ብሏል፣ ሁለት ደረጃም ወጥቶለታል። በሩ ለእይታ እንዲያምር ወደ መንገዱ ዞሯል። መጸዳጃው ግን ያው ጓሮ ነው። ድሮ ከአልጋቸው ተነስተው በጓሮ በር አራት እርምጃ ነበር። አሁን ሌሊት ሁለት ደረጃ ወርደው፣ ቤቱን ዞረው፣ በጨለማ መሄድ ሊኖርባቸው ነው።

ለማንም አልተናገሩም። ምን ይበሉ? ቤት የሠራላቸውን ሰው መውቀስ ነውር ነው። ያደረጉት ነገር ቢኖር ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ውሃ መጠጣት ማቆም ነው። እኔ ያወቅኩት ባለቤቴ ቡና ላይ «ለምን ሁለተኛውን አይጠጡም?» ብላ ስትወተውታቸው ነው።

መፍትሔው አንድ ቧንቧ ብረት፣ አንድ በያጅና ግማሽ ቀን ብቻ ነበር። ደረጃው ላይ መደገፊያ ተበየደላቸው። የጓሮውን በር ግን እስካሁን መልሰን አልከፈትነውም፣ ግድግዳው ብሎኬት ሆኗላ። ከማፍረስ በፊት ሦስት ጥያቄ በቂ ነበር። አልጋዎ የት ይሁን? በሩ በየት ይሁን? ሌሊት በየት ነው የሚወጡት? (ደግሞ ዕቃቸውን እነሱ ሳያዩ አትጣሉ። አንድ የዛገ ሳጥን ገንዳ ውስጥ ልንወረውር ስንል የቤቱ ካርታ ከውስጡ ተገኝቷል።)

እድሩን ለሞት ብቻ ማስቀመጥ

ድንኳኑም፣ ብረት ድስቱም፣ ወንበሩም የሚወጣው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። ሠላሳ ዓመት ያዋጡ አንድ አባት ጡረታቸው አልበቃ ብሏቸው አራት ወር ሳይከፍሉ ቀሩ። ደንባችን «ሦስት ወር ያላዋጣ ይሰረዛል» ይላል። በቀይ እስክሪብቶ የሰረዝኳቸው እኔ ነኝ። በዓመቱ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ሚስታቸው ተነስተው «በቁሙ ቀበራችሁት» ሲሉ አዳራሹ ጸጥ አለ። ደንቡን ቀየርነው፤ ከ70 ዓመት በላይ የሆነና 20 ዓመት ያዋጣ አባል ባይከፍልም አይሰረዝም። ቀዩ መስመር ግን ደብተሩ ላይ አለ፣ ባየሁት ቁጥር ያመኛል።

የሚስጥር ቁጥራቸውን ሰፈር ሁሉ ማወቁ

ይሄ አጭር ነው። ጡረታቸውን ለማውጣት ወይም ቴሌብር ለመክፈት የሰፈሩ ልጅ ይረዳቸዋል፣ ቁጥሩን ይይዛል፣ ከዚያ ብር ይጎድላል። አንድ የታመነ ሰው ይበቃል። ሲወጣም እሳቸው ባሉበት ይውጣ፣ ደረሰኙንም አንብብላቸው።

«እርስዎ ይረፉ»

እኛ ሐዋሳ ያለን ሰዎች፣ «ይረፉ» እያልን አረጋውያንን ከውሳኔ የማራቅን ስህተት መሥራት አልነበረብንም። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላ በዩኔስኮ የተመዘገበው በ2015 እ.ኤ.አ. ነው። የበዓሉን ቀን ጨረቃና ኮከብ ቆጥረው የሚለዩት አያንቶ የሚባሉት አዋቂ ሽማግሌዎች ናቸው። ዘመን መለወጫ በነሱ ቃል የሚታወጅበት ከተማ ውስጥ፣ ስለ አረጋውያን በተጠራ ስብሰባ ላይ አረጋውያን የኋላ ወንበር ይዘው ያጨበጭባሉ። ተመድ በ1991 እ.ኤ.አ. ያወጣቸው የአረጋውያን መርሆች ላይ ተሳትፎ የተጻፈው ከእንክብካቤ ቀድሞ ነው። እኛ ጋ ተገልብጧል።

ባለፈው የእድር ስብሰባ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቅናቸው፣ ምን እናድርግላችሁ ብለን። እኔ ዱቄት ይላሉ ብዬ ብእሬን አዘጋጅቼ ነበር። ያ ዘይት መሬት ያስቀመጡት እናት እጃቸውን አወጡና «ከቤቴ እስከ ቤተ ክርስቲያን መቀመጫ የለም፣ እግሬ መሃል ላይ ይዝላል» አሉ። ሁለት አግዳሚ ወንበር አሠራን። አንዱን ባጃጅ ሹፌሮች ወረፋ መጠበቂያ አድርገውታል፣ እሱ ላይ ገና እየተጨቃጨቅን ነው።