ጃፓን ውስጥ ለቤተሰብ ሰፊ ቤት ስትመርጡ ካሬውንና ፕላኑን እንዴት ማንበብ እንደሚቻል

መጀመሪያ የቁም ሳጥኑን ጉድ ልንገራችሁ። ሳይታማ የገዛነው ቤት ፕላን ላይ የልጆቹ ክፍል ወርድ 2.73 ሜትር ይላል። እኔም ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚሞላ ባለ 2.70 ቁም ሳጥን አዘዝኩ። ሦስት ሳንቲሜትር መተንፈሻ ትቼለታለሁ፣ ጎበዝ ነኝ ብዬ። ዕቃው መጣ፣ ሜትር ዘረጋን፣ ክፍሉ 2.60 ነው። ባለቤቴ ምንም አላለችም፤ ሜትሩን ጠቅልላ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። ቁም ሳጥኑ በመጋዝ ተቆርጦ ገባ፣ አንደኛው በር እስከ ዛሬ ከሌሎቹ ይጠባል።

1. መሬቱንና ቤቱን ለዩ

እኛ ሀገር "200 ካሬ" ሲባል ብዙ ጊዜ ግቢው ነው። ጃፓን ማስታወቂያ ላይ ግን ሁለት ቁጥር አለ። ቶቺ ሜንሴኪ የመሬቱ ነው፤ ታቴሞኖ ሜንሴኪ ደግሞ የቤቱ ወለል፣ የሁሉም ፎቅ ተደምሮ። የምትኖሩበት ሁለተኛው ውስጥ ነው። ደላላው በጹቦ ካወራችሁ በ3.3 አባዙት፤ 40 ጹቦ ማለት 132 ካሬ ገደማ ነው።

ስንት ይበቃል? መንግሥት ከከተማ መሀል ወጣ ላሉ ቤቶች እንደ ጥሩ ስፋት የሚመክረው ለእያንዳንዱ ሰው 25 ካሬ፣ በዚያ ላይ 25 ጭማሪ ነው። ለአራት ሰው 125 ይመጣል። በኔ ግምት ልክ ነው፣ እንግዳ የማይጠፋበት ቤት ከሆነ ግን ትንሽ ጨምሩበት።

2. ቁጥሩ ምን ምን እንደሚጨምር ጠይቁ

እዚህ ላይ ቀስ በሉ፣ እኔ የወደቅኩት እዚህ ነው።

አዲስ ቤት የሚሠሩ ድርጅቶች ጋ ስትሄዱ ሁለት ዓይነት ስፋት ትሰማላችሁ። ኖቤዩካ የሚባለው በሕግ የሚቆጠረው የወለል ድምር ነው። በረንዳው፣ ከላይ እስከ ታች ክፍት የተተወው ቦታና ቁመቱ ከ1.40 ሜትር የማይበልጥ ትንሽ ቆጥ በአብዛኛው እዚህ ውስጥ የሉም። ሴኮ ሜንሴኪ የሚሉት ግን በረንዳውንም የበሩን ደጃፍም ሊጨምር ይችላል፣ ምን እንደሚጨምር የሚወስነውም ራሱ ሠሪው ነው። ስለዚህ አንዱ ድርጅት 45 ጹቦ፣ ሌላው 40 ጹቦ ቢላችሁ የመጀመሪያው ሰፋ ብላችሁ እንዳትቸኩሉ፤ "ኖቤዩካው ስንት ነው?" ብላችሁ ሁለቱንም ጠይቁ። የጹቦውን ዋጋም በዚያው ላይ አስሉት። ስፋቱ በሴኮ ከተቆጠረ የአንዱ ጹቦ ዋጋ ረከስ ብሎ ይታያል፣ ብልሃቱ እሷ ናት።

ቀጥሎ የግድግዳው ነገር። ፕላን ላይ ያለው ልኬት ከግድግዳው መሀል እስከ ወዲያኛው ግድግዳ መሀል ነው። ብዙ የእንጨት ቤት በ91 ሳንቲሜትር እየተባዛ ስለሚሠራ ሦስት እጥፉ 2.73 ይሆናል። ከዚያ ላይ የግድግዳው ውፍረት ግማሽ ከዚህ፣ ግማሽ ከዚያ ይቀነሳል። የኔ ቁም ሳጥን የተበላው እዚያ ውስጥ ነው። 2.73 በ3.64 የሆነ ክፍል ወረቀት ላይ 10 ካሬ ሊሞላ ምንም አይቀረው፤ ዕቃ የምታስቀምጡበት ግን 9 ገደማ ነው።

የክፍል ስፋት የሚነገርበት ጆ ደግሞ ወለሉ ላይ የሚገባው የታታሚ ምንጣፍ ብዛት ነው። የታታሚው መጠን እንደየአካባቢው ይለያያል። በኪዮቶ ልክ አንዱ 1.91 በ0.955 ሜትር ሲሆን፣ ለአፓርታማ ተብሎ የሚሠራው 1.70 በ0.85 ገደማ ነው። በስድስት ታታሚ ክፍል ልዩነቱ ከ2 ካሬ ያልፋል። ለማስታወቂያ የተቀመጠው ደንብ አንድ ጆ ከ1.62 ካሬ እንዳያንስ ይላል፣ እሱም ከግድግዳ መሀል ተለክቶ ነው። እኔ አሁን ጆ የሚል ቁጥር ሲነገረኝ ፈገግ ብዬ ሜትሬን አወጣለሁ። የስልክ መለኪያ መተግበሪያ አልወድም፣ የ5 ሜትር ብረቱን ያዙ።

3. 4ኤልዲኬ የሚለው አያታልላችሁ

አራት መኝታ፣ እንዲሁም ሳሎን፣ መመገቢያና ኪችን በአንድ ላይ (ኤልዲኬ) ማለት ነው። ግን መኝታው ሁለትና ከዚያ በላይ በሆነ ቤት ኤልዲኬ ለመባል የሚጠበቀው 10 ጆ ነው፣ ይኸውም 16 ካሬ አካባቢ። አምስት ሰው፣ ጠረጴዛ፣ ሶፋና ቴሌቪዥን በ16 ካሬ! እኔ አራት ጠባብ መኝታ ካለው ቤት ሦስት መኝታና ሰፊ ሳሎን ያለውን እመርጣለሁ።

ፊደሎቹ መሀል "ኤስ" ካያችሁ ደግሞ በቂ ብርሃን ስለሌለው መኖሪያ ክፍል ያልተባለ ቦታ ነው። ዕቃ ቤት ይሆናል፣ ልጅ ግን አታስተኙበት።

4 እና 5. በጣታችሁ ሂዱበት፣ ከዚያ ዕቃችሁን አስገቡበት

ፕላኑን ጠረጴዛ ላይ ዘርጉና ማክሰኞ ጠዋት ነው በሉ። ማን የት ይታጠባል? ሽንት ቤት ላይና ታች አለ? የልብስ ማጠቢያው ከማስጫው ስንት ደረጃ ይርቃል? ደረጃው ሳሎን ውስጥ ከሆነ ልጆች ሲወጡ ሲወርዱ ታዩአቸዋላችሁ፣ ጥሩ ነው። ግን የመተላለፊያው መንገድ ከሳሎኑ ስፋት ላይ ነው የሚቆረጠው፤ 20 ጆ ተብሎ ሶፋ የማይቆምበት ሳሎን አይቻለሁ።

ኮሪደር ፕላን ላይ 91 ሳንቲሜትር ይላል፣ ውስጡ ግን 78 ገደማ ነው። ፍሪጁና ሶፋው በዚያ ዞሮ ደረጃ መውጣት አለበት። ካልወጣ በገመድ ወይም በክሬን በበረንዳ ይገባል፣ ለሱም ለብቻው ትከፍላላችሁ።

የታታሚ ክፍል ከሳሎኑ ጎን ካለና መሀሉ ላይ ፉሱማ፣ ማለትም ተንሸራታች በር ካለው አትለፉት። እኛ ቡና ስናፈላ ፉሱማውን ከፍተን ሁለቱን ክፍል አንድ እናደርጋለን፣ 15 ሰው ይቀመጣል። ከሰሉን ግን ታታሚ ላይ እንዳታመጡት፤ ምንጣፉ ሣር ነው።

6. ቀሪዎቹ

የሰሜን ቀስቱን እዩ፤ ሳሎኑ ወደ ደቡብ ቢዞር በብርዱ ወራት ታመሰግኑኛላችሁ። "ኋላ ክፍል እጨምራለሁ" ካላችሁ ኬንፔሪትሱን፣ ማለትም ቤቱ ከመሬቱ ስንት በመቶ እንዲይዝ እንደሚፈቀድ ጠይቁ፤ 50 በመቶ ከሆነ 150 ካሬ መሬት ላይ ቤቱ ከ75 ካሬ በላይ መሬት መያዝ አይችልም። በጣም ሰፊና በጣም ርካሽ አሮጌ ቤት ካጋጠማችሁ የግንባታ ፈቃዱ ከጁን 1981 በፊት መሆን አለመሆኑን አጣሩ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ ደንቡ የጠበቀው ያኔ ነው።

ለማየት ስትሄዱ ደግሞ ያልተቀደደ ካልሲ አድርጉ። በር ላይ ጫማ ይወልቃል፣ ደላላው ከኋላችሁ ነው የሚከተለው።