የቆየ ቤት የኤሌክትሪክ መስመር ሲታደስ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በቆየ ቤት ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ አረጀ ሲባል መዳቡ አረጀ ማለት አይደለም፤ መዳቡ አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው። የሚያረጀው መዳቡን የለበሰው ሽፋን ነው። ፕላስቲክ ከመለመዱ በፊት የተዘረጉ ሽቦዎች ሽፋናቸው ጎማና ጨርቅ ስለነበር፣ በዕድሜና በሙቀት እየደረቀ ይሰነጠቃል፤ አንዳንዱማ የመብራት መያዣ ለመቀየር ሲነካ ብቻ ይፈረፈራል። እንዲህ ያለውን መስመር መቀየር አያስፈልግም ብሎ የሚከራከር ባለሙያ አይገኝም። ገንዘብና ጊዜ የሚባክነው ግን በዕቅዱና በአጨራረሱ ላይ ነው፤ ሽቦው ከልስን በታች ከገባ በኋላ የሚታወቅ ስህተት ግድግዳውን እንደገና ካላፈረሱ አይታረምምና።

የሚታየውን ብቻ መቀየር

ከሁሉ የከፋው ስህተት ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርጎ ማየት ይገባል። ባለቤቱ ወጪ ለመቆጠብ ሲል ሶኬቶቹን፣ ማብሪያ ማጥፊያዎቹንና የብሬከር ሳጥኑን በአዲስ ያስቀይርና የግድግዳውን ሽቦ እንዳለ ይተወዋል። ቤቱ አዲስ ይመስላል፤ አደጋው ግን ከነበረበት አልተነቃነቀም። በተለይ ባለሁለት ቀዳዳ የነበረውን ሶኬት አንሥቶ፣ የመሬት መስመር በሌለበት፣ የመሬት መስመር ማያያዣ ያለውን ሶኬት መትከል ነዋሪውን ያታልላል። የልብስ ማጠቢያው አካል በስህተት ኤሌክትሪክ ቢይዝ ወደ መሬት የሚወስደው መንገድ ስለሌለ፣ መንገዱ የሚሆነው የነካው ሰው ነው። አንዳንድ ቤቶች ደግሞ የመሬት መስመራቸው ከብረት የውሃ ቧንቧ ጋር የተያያዘ ነበር፤ ቧንቧው ከዓመታት በኋላ በፕላስቲክ ሲቀየር የመሬት መስመሩም አብሮ ጠፍቷል፤ ይህን ግን ብዙ ጊዜ ያስተዋለው የለም።

የዚሁ ስህተት ሌላ ገጽታ ብሬከሩ ደጋግሞ ስለሚወርድ ተለቅ ባለ ብሬከር መተካት ነው። ብሬከር የሚጠብቀው ዕቃውን ሳይሆን ሽቦውን ነው። በ16 አምፔር ብሬከር ሥር የነበረ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ በ32 አምፔር ሥር ቢደረግ፣ ብሬከሩ ዝም ይላል፤ የሚግለው ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ ነው። በአንጻሩ 30 ሚሊአምፔር ያህል ከረንት ከመስመሩ ሾልኮ ሲወጣ ኃይሉን የሚያቋርጠው መከላከያ፣ ማለትም ባለሙያዎች አርሲዲ የሚሉት፣ በአሮጌ ሽቦ ላይ ሲገጠም በየጊዜው እየወረደ ያስቸግር ይሆናል። ያን ጊዜ ብዙ ሰው የሚያማርረው አዲሱን መሣሪያ ነው፤ መሣሪያው ግን የሠራው ሥራውን ነው፤ የአሮጌው ሽፋን መሳሳት የታወቀው በእርሱ ነው።

ዋጋን እንጂ ሥራን አለማወዳደር

ሁለት ባለሙያዎች የሰጡት ዋጋ በሰፊው ቢለያይ፣ ምክንያቱ የአንዱ ስግብግብነት ላይሆን ይችላል። ልስኑን ማን ይመልሳል? አሮጌው ሽቦ ይወጣል ወይስ እዚያው ይቀራል? ስንት ሶኬት ተቆጥሯል? የመጨረሻው ፍተሻ በዋጋው ውስጥ አለ? እነዚህ በጽሑፍ ካልሰፈሩ ርካሹ ዋጋ በሥራው መካከል ከውዱ ይበልጣል። ከዋናው ቆጣሪ የሚመጣው ኃይል ለአዲሶቹ ዕቃዎች ይበቃ እንደሆነም ከወዲሁ መጠየቅ አለበት፤ ኃይል ማስጨመር የአቅራቢውን ፈቃድ የሚጠይቅ ጉዳይ ስለሆነ ቤቱ ከፈረሰ በኋላ የሚጀመር ነገር አይደለም።

ግድግዳው ከተቦረቦረ በኋላ ማሰብ

ሶኬት ወዴት ይሁን የሚለው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው አልጋው፣ ጠረጴዛውና የምግብ ማብሰያው የሚቀመጡበት ቦታ ሲታወቅ ነው። ባለቤቱ ለየክፍሉ በኖራ ጠመኔ ግድግዳው ላይ ምልክት አድርጎ ለባለሙያው ቢያስረክብ፣ «እንደመሰለህ አድርግ» ከሚለው አነጋገር የሚመጣውን ጸጸት ሁሉ ያስቀራል። የኤሌክትሪክ ምድጃና የውሃ ማሞቂያ እያንዳንዳቸው የራሳቸው መስመርና ወፈር ያለ ሽቦ ያስፈልጋቸዋል። ቤቱን በሙሉ በአንድ አርሲዲ ሥር ማድረግም አይመከርም፤ በአንድ ክፍል የተፈጠረ ብልሽት ቤቱን ሁሉ ያጨልማል፤ ማቀዝቀዣውንም አብሮ ያጠፋል። ግድግዳው ክፍት ሳለ ለኢንተርኔት ገመድ ወይም ለወደፊት ፍላጎት ባዶ ቱቦ መቅበር በጣም ትንሽ ወጪ ነው፤ ይህን የሚረሳ ሰው ብዛቱ ያስገርማል።

ቦዩን እንደተገኘ መቁረጥ

ሽቦ የሚገባበት ቦይ ከማብሪያው ወይም ከሶኬቱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ፣ ወደ ታች ወይም ወደ ጎን መሄድ አለበት። ሰያፍ የተቆረጠ ቦይ ሽቦ ይቆጥባል፤ ነገር ግን ነገ ሥዕል ለመስቀል ሚስማር የሚመታ ሰው ሽቦው የት እንዳለ መገመት አይችልም። ጥልቀቱም ገደብ አለው፤ በሰፊው የሚሠራበት መመሪያ የቁም ቦይ ከግድግዳው ውፍረት አንድ ሦስተኛ፣ የአግድም ቦይ ደግሞ አንድ ስድስተኛ እንዳያልፍ ይጠይቃል። በቆየ ቤት ጣሪያና ሰሌዳ ውስጥ አስቤስቶስ የተባለው ብናኙ ሳንባን የሚጎዳ ማዕድን፣ በቀለሙም ውስጥ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖር ስለሚችል፣ ከጥርጣሬ ጋር መቁረጥ መጀመር በሳንባ ላይ መቀለድ ነው፤ መጀመሪያ ማስመርመር ይገባል።

አቧራውንና መቋረጡን አቅልሎ ማየት

ቦይ ሲቆረጥ የሚነሣው አቧራ በተዘጋ በር ሥር ያልፋል፤ ስለዚህ ዕቃን መሸፈን ሳይሆን ማውጣት ይሻላል። እዚያው እየኖሩ ማሠራት የግድ ከሆነ ሥራው ክፍል በክፍል ይከፈል፤ በየምሽቱ የትኛው መስመር ኃይል እንዳለው ይነገር። በዚህ ጊዜ የሽቦ ቀለምን ማመን አይገባም፤ ዛሬ አረንጓዴና ቢጫ ለመሬት መስመር ቢሆንም የድሮው አመዳደብ የተለየ ነበርና፣ መለኪያ ሳይጠቀሙ ማንኛውንም ሽቦ መንካት አይፈቀድም። ቀለም መቀባት ደግሞ ልስኑ በደንብ ከደረቀ በኋላ እንጂ ከዚያ በፊት አይደለም።

ሳይፈተሽ መለሰን፣ ሳይፈተሽ መክፈል

ልስን ከመመለሱ በፊት እያንዳንዱ ግድግዳ ከሜትር ጋር ፎቶ ይነሣ፤ ሽቦው ከወለሉና ከማዕዘኑ ምን ያህል እንደሚርቅ ከምስሉ እንዲነበብ። የሽፋኑ ፍተሻ ዕቃዎች ሁሉ ተነቅለው በ500 ቮልት ይካሄዳል፤ በተለመደው መስፈርት የሽፋኑ ከረንትን የመከልከል አቅም ንባብ ከ1 ሜጋኦም ማነስ የለበትም፤ አዲስ ሽቦ ደግሞ ከዚያ እጅግ የላቀ ማሳየት አለበት። የመሬት መስመሩ እስከ መጨረሻው ሶኬት ያልተቋረጠ መሆኑ፣ ፌዝ (ኃይል ያለበት ሽቦ) እና ኒውትራል (መላሹ ሽቦ) ያልተቀያየሩ መሆናቸውና አርሲዲው በተወሰነለት ጊዜ ውስጥ መቁረጡም ይለካል። «መብራቱ በርቷል» ፍተሻ አይደለም። ንባቦቹ የሰፈሩበት ወረቀትና በሳጥኑ ላይ የእያንዳንዱ ብሬከር ስያሜ እስኪሰጥ ድረስ የክፍያው የመጨረሻ ድርሻ ባለቤቱ ዘንድ ይቆይ፤ ይህም ውሉ ሲፈረም በግልጽ ይጻፍ።