ቆቆቹን የጨረሰብኝ ካርታው ነበር

በኔትሎጎ (የኮምፒውተር ማስመሰያ ፕሮግራም ነው) የሠራሁት የቆቅ ሞዴል በሦስተኛው ዓመት ቆቆቹን ሙልጭ አድርጎ ይጨርስብኝ ነበር። ቦታው ኮምቦልቻ፣ የቦርከና ወንዝ ዳር ማሳ ነው። የሞት መጠኑን ቀነስኩ፣ የእንቁላሉን ቁጥር ጨመርኩ፤ ለውጥ የለም። አራት ቀን እንዲሁ አለፈ።

በመጨረሻ ሞዴሉ የሚጠቀምበትን የመሬት ካርታ አጉልቼ አንድ የማሽላ ማሳ ዳር አየሁ። የመሬቱን ዓይነት የሚያሳዩት ኮዶች ማሳ 1፣ መንገድ 3፣ ቁጥቋጦ 5 ናቸው። ማሳና ቁጥቋጦ በሚገናኙበት ሁሉ 3 ተደርድሯል! ቆቅ ተሸሽጋ እንቁላሏን የምትጥልበት ጥግ መንገድ ሆኖ ቁጭ ብሏል።

ለካ ኪውጂአይኤስ በሚባለው የካርታ ፕሮግራም ላይ ራስተሩን (በትንንሽ ካሬዎች የተከፋፈለውን ካርታ) ወደ ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን፣ በሜትር ወደሚለካ የካርታ ሥርዓት፣ ስቀይር የካሬዎቹን አዲስ ቁጥር ለማስላት ባይሊኒየር የሚባለውን ዘዴ መርጬ ኖሯል። እሱ የጎረቤት ቁጥሮችን አማካይ ይወስዳል፤ ለከፍታ ካርታ ጥሩ ነው፣ ለኮድ ግን አይሆንም፤ የ1 እና የ5 አማካይ 3 ነዋ። ከዋናው ፋይል ተነስቼ በኒረስት ኔበር፣ የቅርቡን ካሬ ቁጥር እንዳለ በሚወስደው ዘዴ፣ ደገምኩት። ሌላ ምንም ሳልነካ ቆቆቹ 30ኛውን ዓመት ተሻገሩ።