በአንድ የመማሪያ ክፍል የንባብና የምናብ ኤግዚቢሽን ማዘጋጀት

6 በ8 ሜትር የሆነ ክፍል ለሦስት ጣቢያ፣ ማለትም ልጆች እያነበቡ ለሚሠሩባቸው ሦስት ቦታዎች፣ ይበቃል። አራተኛ አትጨምሩ፤ ልጆች መተላለፊያ ካጡ ንባቡ ቀርቶ ግፊያ ይሆናል። በጣቢያዎቹ መካከል 1 ሜትር ከ20 ሳንቲሜትር ይተው።

ጽሑፉ የሚናገረውን በሥዕል አታሳዩ። «ጅቡ በሩን አንኳኳ» ከሚለው ጎን ጅብ ከተለጠፈ፣ ልጁ የሚያየው የሠዓሊውን ጅብ ነው፤ የራሱን ለመፍጠር ዕድል አያገኝም።

የመጀመሪያው የጥላ መጋረጃ ነው። 2 ሜትር አቡጀዲ በእንጨት ፍሬም ላይ ወጥሩ፤ ከተሸበሸበ ጥላው ይጣመማል። ከኋላው 2 ሜትር ያህል ርቆ አንድ ትንሽ መብራት ይቀመጥ። ረጅሙ ፍሎረሰንት አይሆንም፤ ብርሃኑ ከሰፊ ቦታ ስለሚወጣ የጥላውን ጠርዝ ያደበዝዘዋል። የሞባይል መብራት ግን ጥርት ያለ ጥላ ይሰጣል፤ መብራት ቢጠፋም ሥራው አይቆምም። አንዱ ልጅ ከካርድ ሲያነብ ሌላው የካርቶን ቅርጹን ያንቀሳቅሳል፤ ወደ መብራቱ ሲያስጠጋው ይገዝፋል፣ ወደ ጨርቁ ሲያስጠጋው ያንስና ይጠራል። ካርዱ ላይ ታሪኩን መሃል ላይ ቁረጡት፤ መጨረሻውን እነሱ ይፈልጉት።

ሁለተኛው የእንቆቅልሹ ግድግዳ ነው፤ ከሁሉ አብልጣችሁ የምትደክሙበት እሱ ይሁን። 12 የሚከፈቱ ካርዶች ከወለሉ 1 ሜትር ያህል ከፍ ብለው ይሰቀሉ። ላዩ ላይ ጥያቄው፣ ለምሳሌ «ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው?»፣ ውስጡ መልሱ፦ ወንዝ። አንዱ «እንቆቅልሽ» ይላል፣ ሌላው «ምናውቅልህ»። መልሱ የጠፋበት አገር ይሰጣል፤ ስለዚህ ከካርዶቹ አጠገብ የኢትዮጵያ ካርታ ይለጠፍ። ጠያቂው የተሰጠውን ከተማ በባለቀለም ተለጣፊ ወረቀት ምልክት አድርጎ፣ «ጎንደር ገብቼ…» ብሎ እዚያ ያየውንና የሠራውን ይተርካል፤ ካርዱን የሚከፍተው ከዚያ በኋላ ነው። ምናብ የሚሠራው እዚህ ላይ ስለሆነ አታቻኩሏቸው። ለካርታው መርፌ ያለው ምልክት አትጠቀሙ፤ ለትንንሾች አደገኛ ነው። ካርቶን ብዙ ሲከፈትና ሲዘጋ ከማጠፊያው ይቀደዳል፤ ከጀርባው ቁራጭ ጨርቅ በኮላ ለጥፉበት።

ሦስተኛው ከላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ የተጻፈባቸው ገጾች ያሉበት ጠረጴዛ ነው፤ ቀጣዩን ልጆቹ ራሳቸው ይጻፉት። እርሳሱ በ50 ሳንቲሜትር ክር ከጠረጴዛው አናት መሃል ላይ ይታሰር፤ ግራኞችም ይደርሱበታል።

ጽሑፉ ቢያንስ በ30 ነጥብ የፊደል መጠን፣ ጌጥ በሌለው ቀላል የፊደል ቅርጽ ይታተም። በጌጠኛ ቅርጽ ከፊደሉ ጎን የምትቀጠለው ትንሽ ምልክት ስለምትደበቅ፣ ጀማሪ አንባቢ «ኑ»ን ከ«ኒ» አይለይም።

ከመክፈቻው አንድ ሳምንት ቀደም ብላችሁ 5 ልጆች አስገቡና ምንም ሳትነግሯቸው እጃቸውን ተከታተሉ። «ምን ላድርግ?» ብሎ የጠየቀ ልጅ ካለ፣ የቆመበትን ጣቢያ መመሪያ አሳጥራችሁ እንደገና ጻፉት።