«በር ላይ ነኝ» ማለት መድረስ አይደለም፦ የኦፕራሲዮን ክፍል ነርሶች የኦንኮል ስህተቶች

አዲስ የሚመደቡ ነርሶች ኦንኮል (ቤት ሆኖ ጥሪ የሚጠበቅበት ተራ) ሲጀምሩ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ስንት ደቂቃ አለኝ?» ነው። 30 ደቂቃ ይባላሉ። ብዙ ቦታ የተለመደው ይሄ ነው። ከየት እስከ የት እንደሚቆጠር ግን የሚጠይቅ የለም።

ሰዓቱን ግቢው በር ላይ ታቆሙታላችሁ። ዘበኛውን ሰላም እንዳላችሁ ስልክ አንስታችሁ «ደረስኩ»! የት ነው የደረሳችሁት? አንዲት ባልደረባዬ ሌሊት ተጠርታ በ20 ደቂቃ ከች አለች። ጎበዝ። ልብስ መቀየሪያው ውስጥ የቀሩት ቦት ጫማዎች ሁለቱም የቀኝ እግር ናቸው። የሎከሩ ቁልፍ ከቀን ተረኛዋ ጋር ወደ ቤቷ ሄዷል። ከዚያ በኋላ ደግሞ እጅ መታጠቡ፣ ጋውኑ፣ ጓንቱ፣ ጠረጴዛ መዘርጋቱ፣ የጋውዝና የመሣሪያ ቆጠራው አለ። ሰዓቱ የሚቆመው ይሄ ሁሉ አልቆ «ዝግጁ ነኝ» ስትሉ ነው።

የእንግሊዝ መመሪያ የእናት ወይም የልጅ ሕይወት አደጋ ላይ ሲሆን ሲዛሪያን (በኦፕራሲዮን ማዋለድ) ይሠራ ተብሎ ከተወሰነበት እስከ ልጁ መወለድ 30 ደቂቃ ይላል፤ አጣዳፊ ሆኖ ሕይወትን ወዲያው ለማያሰጋው ደግሞ 75። ስለዚህ 30ው የእናንተ ብቻ አይደለም። አንስቴቲስቱም (ማደንዘዣ ሰጪው)፣ ስትሬቸር ገፊውም ከዚያው ነው የሚቆርሱት። ልጁ ሳይወለድ እትብቱ ቀድሞ ከወጣ ከቤት የሚመጣ ነርስ አይደርስም። ወሊድ ባለበት ቦታ ግቢ ውስጥ የሚያድር ቲም ያስፈልጋል፤ ይሄን አለቆችም ይስሙልኝ። እኛ ጋ፣ ጅማ፣ የሚመጣ ሕመምተኛ እኮ ብዙ ጊዜ ከአጋሮ፣ ከቦንጋ ነው። የእሱ ሰዓት መንገድ ላይ አልቋል።

ሁለተኛው ስህተት፣ ሴቱን (አንድ ላይ የተጠቀለሉትን የኦፕራሲዮን መሣሪያዎች) ሳያዩ ወደ ቤት መሄድ ነው። በተለመደው አውቶክሌቭ (መሣሪያ በእንፋሎት የሚቀቀልበት) በ121 ዲግሪ የተጠቀለለ ሴት እንፋሎቱ ብቻ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። መሞቂያውና ማድረቂያው ሲጨመር አስቡት። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የላፓራቶሚው (የሆድ መክፈቻው) ሴት እንዳልተቀቀለ ከታወቀ፣ በሩ ሥር ተኝታችሁ ብታድሩም ዋጋ የለውም። ማታ ከመውጣታችሁ በፊት መደርደሪያውን እዩ፣ ቀኑን አንብቡ።

ስልክ ሳይለንት ላይ አይደረግም። መብራትና ኔትወርክ ስለሚጠፋ የቤተሰብ ወይም የጎረቤት ቁጥርም አስመዝግቡ። ስለ መጠጥ አልናገርም፤ ትልልቅ ሰዎች ናችሁ።

«ባጃጅ አገኛለሁ» የምትሉት ደግሞ ትገርሙኛላችሁ። በሐምሌ ዝናብ፣ በእኩለ ሌሊት፣ ከጅማ ዳር ሰፈሮች፣ ከጊንጆ ወይም ከኮቼ? አንድ የምታውቁትን ባለ ባጃጅ በቀን ያዙ፣ ሒሳቡን ተስማሙ፣ ስልኩ ሌሊት እንደሚሠራ አረጋግጡ። መንገዱን የምትለኩትም በሌሊቱ ነው።

ዲዩቲ ስትቀያየሩ «ያዥልኝ» ብሎ በቴሌግራም መጻፍ አይበቃም። ግድግዳው ላይ በተለጠፈው የተረኞች ዝርዝር ያለው ስም ካልተቀየረ የሚደወለው ለእናንተ ነው፤ እናንተ ደግሞ ሠርግ ቤት ናችሁ።

ሲደወል «እሺ መጣሁ» ብላችሁ አትዝጉ። «ኬዙ ምንድን ነው?» በሉ። ሲዛሪያን ከሆነ ወይም ሆድ የሚከፈት ከሆነ እናንተ መንገድ ላይ ሳላችሁ ውስጥ ያለው ሰው ሴቱን ያወጣል። አንድ ጥያቄ ናት፤ አሥር ደቂቃ ታተርፋለች።

አርፍደው የመጡ ሰዎች የጠፋውን ሰዓት ከቆጠራው ላይ ለመቀነስ ይሞክራሉ። እዚህ ላይ ትዕግሥት የለኝም። ሐኪሙ ቢላ ሲጠይቅ «ዶክተር፣ ጋውዝ እየቆጠርኩ ነው» በሉ። ይቆጣል። ይቆጣ። እውነት ጊዜ የሌለበት ኬዝ ከሆነ ደግሞ ቆጠራው አለመደረጉ ይጻፍ፣ ሰውነቱ ውስጥ የቀረ ነገር እንዳለ ለማየት ሕመምተኛው ከጠረጴዛው ሳይወርድ ራጅ ይነሳ። የራጅ ባለሙያውንም ቀድማችሁ አስጠሩት፤ እሱም ኦንኮል ነው፣ እሱም ባጃጅ ይፈልጋል።