ውሃም መብራትም በሚቆራረጥበት ቤት ቦይለር እንዴት እንደሚያዝ

ፒያሳም ሆነ አራት ኪሎ፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሕንፃ ላይ ቦይለር ዕድሜው አጭር ነው። ዕቃው የተሠራው ቧንቧው ሁልጊዜ ውሃ እንዳለው ታስቦ ነው፤ እዚህ ግን ውሃው ለቀናት ይጠፋል፣ መብራቱም ሄዶ ይመጣል። ይህ ጽሑፍ ግድግዳ ላይ ስለሚሰቀለው ባለ 50 እና ባለ 80 ሊትር የኤሌክትሪክ ቦይለር ነው። ከታች ያለው ሁሉ የሚያያዘው ከአንድ ሕግ ጋር ነው፦ ታንኩ ሙሉ መሆኑ ሳይረጋገጥ ብሬከር አይነሳም፣ ማለትም ቦይለሩ አይበራም።

1. መጠን መምረጥ

ለሁለት ሰው 50 ሊትር፣ ለአራትና ለአምስት ሰው 80 ሊትር ይበቃል። 1500 ዋት ሬዚስታንስ (ውሃውን የሚያሞቀው ብረት) ያለው ባለ 50 ሊትር ቦይለር 18 ዲግሪ የነበረውን ውሃ 60 ዲግሪ ለማድረስ 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል፤ የሚበላውም 2.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው። ባለ 80 ሊትሩ 2 ሰዓት ተኩል ያልፈዋል። ማታ ገላ የሚታጠብ ሰው ከሥራ እንደገባ ማብራት አለበት ማለት ነው።

ሻወሩ ራስ ላይ የሚገጠመውንና ውሃውን እያለፈ ሳለ የሚያሞቀውን ዕቃ ብዙ ሰው በዋጋው ይመርጠዋል። ለአሮጌ ሕንፃ ግን አይመከርም። 5500 ዋት የሆነው 25 አምፔር ይስባል፤ ለሶኬት የተዘረጋ ሽቦ ይህን አይችልም፣ ግድግዳው ውስጥ እየጋለ ሽፋኑ ይቀልጣል። በዚያ ላይ የውሃው ግፊት ሲደክም ራሱን ያጠፋል።

2. መስቀል

ውሃ የሞላ ባለ 80 ሊትር ቦይለር ከ100 ኪሎ በላይ ይመዝናል። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ውስጡ ክፍት የሆነ ብሎኬት ስለሆነ የፕላስቲክ ፊሸር ብቻውን አይይዝም፤ ለጥቂት ወር ይቆይና ከነፍርፋሪው ተነቅሎ ይወጣል። የኮንክሪት ምሰሶ (ኮለን) ወይም አግዳሚ (ቢም) ላይ ማሰር የመጀመሪያው ምርጫ ነው። ካልተቻለ ግድግዳውን በስተው ብሎኑን በማሳለፍ ከጀርባ በብረት ሳህን ያጥብቁት። ጂብሰም ላይ በፍጹም አይሰቀልም። ከሥሩ ቢያንስ 40 ሳንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ይተዉ፤ ሬዚስታንሱ የሚወጣው በዚያ ነው።

3. ሽቦና ግራውንድ

ከፓነሉ ለቦይለሩ ብቻ የሚመጣ ባለ 2.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ እና ባለ 16 አምፔር ብሬከር ያስፈልጋል። ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ የሚያቋርጥ ባለ 30 ሚሊ አምፔር ብሬከር ቢጨመርበት ገንዘቡ አይባክንም። ከቦይለር ጥራትና ከዚህ ብሬከር አንዱን ለመምረጥ የተገደደ ሰው ርካሹን ቦይለር ይግዛና ብሬከሩን ያስገባ።

ግራውንዱን (ያፈተለከ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚወስደውን ሽቦ) ከውሃ ቧንቧ ጋር ማሰር የቆየ ልማድ ነው። ቧንቧው ብረት በነበረበት ዘመን በመጠኑ ይሠራ ነበር። ዛሬ ግን መሃል ላይ አንድ ሜትር ፒፒአር (የፕላስቲክ ቧንቧ) ከገባ መንገዱ ተቋረጠ፤ ሬዚስታንሱ በተሰነጠቀ ቀን ኤሌክትሪኩ በሻወሩ ቧንቧና በሚፈሰው ውሃ አድርጎ ሰው ጋ ይደርሳል። ግራውንዱ መሬት ውስጥ ከተቀበረ ዘንግ ጋር መገናኘት አለበት።

4. ቧንቧ

ከቀዝቃዛው መስመር ሲመጣ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ጌት ቫልቭ (የውሃ መዝጊያው)፣ ከዚያ ሴፍቲ ቫልቭ፣ ከዚያ ቀዝቃዛው የሚገባበት የቦይለሩ ሰማያዊ አፍ። በሴፍቲ ቫልቩና በቦይለሩ መካከል ምንም መዝጊያ አይገባም። ክሩ ግማሽ ኢንች ነው፣ ቴፍሎኑን ከ10 እስከ 12 ዙር ይጠምጥሙ።

ሴፍቲ ቫልቩ ከካርቶኑ ጋር የሚመጣው ትንሽ የናስ ዕቃ ሲሆን ሁለት ሥራ አለው፤ የገባው ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ይይዛል፣ ግፊቱ 8 ባር ሲደርስ ደግሞ ያስተነፍሳል። ውሃ ከ20 ወደ 65 ዲግሪ ሲሞቅ 1.8 በመቶ ያህል ስለሚሰፋ ከ50 ሊትር ላይ አንድ ሊትር የማይሞላ ውሃ መውጫ ይፈልጋል። ሲሞቅ ጠብ ጠብ ማለቱ ጤንነቱ ነው። መንጠባጠቡ አስጨንቆት ቀዳዳውን በጎማ ወይም በማጣበቂያ የሚደፍን ሰው አለ፤ ቫልቩን ፈትቶ በተራ ኒፕል የሚተካም አለ። የመጀመሪያው ታንኩን ያስፈነዳል፣ ሁለተኛው ቀጥሎ ለሚነገረው ችግር በር ይከፍታል። ቀጭን ላስቲክ ሰክተው ወደ ፍሳሽ ይምሩት፣ የላስቲኩ ጫፍ ግን ክፍት ይሁን።

5. ውሃ ሲጠፋና ሲመጣ

ቀዝቃዛው ውሃ በሰማያዊው አፍ ከሥር ይገባል። ሙቁ ከሚወጣበት ከቀዩ አፍ ጋር የተያያዘው ቀጭን ቱቦ ደግሞ ታንኩ ውስጥ እስከ አናቱ ቆሞ ሙቁን ከላይ ይቀዳል። ሙቁ የሚወጣው ቀዝቃዛው ከሥር ሲገፋው ነው። ስለዚህ ውሃ ጠፍቶ ሳለ የሙቁን ቧንቧ ቢከፍቱ ጥቂት ፈሶ ይቆማል፣ ታንኩ ግን አይጎድልም። እስከዚህ ድረስ ችግር የለም።

ችግሩ የሚመጣው በገባበት አፍ በኩል ነው። መስመሩ ባዶ ሆኖ ሳለ ታች ያለ ጎረቤት ቧንቧ ከከፈተ፣ ወይም የራስዎ የኩሽና ቧንቧ ክፍት ከተረሳ፣ የታንኩ ውሃ በሰማያዊው አፍ ወደ ኋላ ይሳባል። የሻወሩ የሙቅ ቧንቧም ክፍት ከሆነ አየር ከላይ ይገባና መውረዱ ይፈጥናል። ውሃው እንዳይመለስ የሚይዘው ሴፍቲ ቫልቭ በአሸዋ ወይም በዝገት ፍርፋሪ ገርበብ ብሎ ከሆነ ታንኩ ማንም ሳያውቅ ይራቆታል። ብሬከሩ ተነስቶ ከነበረ ሬዚስታንሱ አየር ውስጥ ይግላል። አየር ሙቀትን እንደ ውሃ ስለማያደርስ ሙቀቱን ለክቶ የሚያጠፋው ቴርሞስታት ነገሩን የሚያውቀው ዘግይቶ ነው፤ እስከዚያ የሬዚስታንሱ ሽፋን ተሰንጥቋል። ከዚያ በኋላ ውሃ ሲገባበት ብሬከሩ ይወድቃል፣ ግራውንድ በሌለበት ቤት ደግሞ ቧንቧው ይነዝራል።

እጅ መያዣው ላይ የሚዘጋ ሻወር ያላቸው ቤቶች ሌላም ነገር ይጠንቀቁ። ሚክሰሩ (ሙቁንና ቀዝቃዛውን የሚቀላቅለው ቧንቧ) ክፍት ሆኖ ጫፉ ብቻ ከተዘጋ ቀዝቃዛውና ሙቁ መስመር ውስጥ ለውስጥ ይገናኛሉ፤ ግፊቱ በደከመው በኩል ሙቁ ሾልኮ ይሄዳል። ሚክሰሩን ራሱን ይዝጉ።

እንግዲህ ውሃው መጥፋቱን እንዳወቁ ብሬከሩን ያውርዱ፣ የቦይለሩን ጌት ቫልቭ ይዝጉ፣ የሙቁን ቧንቧዎች ሁሉ ይዝጉ። ጣሪያ ላይ ሮቶ ያለው ቤትም ከዚህ አያመልጥም፣ ሮቶውም ያልቃልና። በተጨማሪ ከመንገድ የሚመጣው መስመርና የሮቶው መስመር በሚገናኙበት ቦታ በመንገዱ በኩል ውሃን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቼክ ቫልቭ ከሌለ የሮቶው ውሃ ወደ መንገዱ መስመር ይመለሳል።

ውሃው ሲመለስ መቸኮል አያስፈልግም። መጀመሪያ የሚመጣው አየርና ደለል ነው። የቦይለሩ ጌት ቫልቭ እንደተዘጋ የቀዝቃዛውን ቧንቧ ከፍተው ውሃው እስኪጠራ በባልዲ ይቀበሉት፤ ለሽንት ቤት ይሆናል። ሲጠራ ጌት ቫልቩን ይክፈቱ፣ የሻወሩን የሙቅ ቧንቧ እስከ መጨረሻው ይክፈቱ። መጀመሪያ ይተፋል፣ ከዚያ ይቆራረጣል፣ በመጨረሻ ወጥ ሆኖ ይፈሳል። ወጥ ከሆነ በኋላ አንድ ሙሉ ደቂቃ ይጠብቁና ቧንቧውን ዘግተው ብሬከሩን ያንሱ። ታንኩ ሙሉ በሙሉ ወርዶ ከነበረ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ለማወቅ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይሙሉ፤ ጀሪካኑ በ4 ደቂቃ ከሞላ 50 ሊትሩ 10 ደቂቃ ይፈልጋል። ከጣሪያው ሥር ባለው የመጨረሻ ፎቅ ሮቶው ከፍ የሚለው ሁለት ሦስት ሜትር ስለሆነ ግፊቱ 0.2 ወይም 0.3 ባር ብቻ ነው፤ እዚያ ሃያ ደቂቃም ሊፈጅ ይችላል።

ሴፍቲ ቫልቩ መያዙን በስድስት ወር አንዴ ይፈትኑ። ብሬከሩን አውርደው ወደ ቤት የሚገባውን ዋናውን ውሃ (የሮቶውንም ጭምር) ይዝጉ፣ የቦይለሩን ጌት ቫልቭ ግን ክፍት ይተዉ። የሻወሩን የሙቅ ቧንቧና ዝቅ ብሎ የሚገኘውን የቀዝቃዛ ቧንቧ ይክፈቱ። ቧንቧው ውስጥ የቀረው ፈሶ ካለቀ በኋላ ውሃው ካልቆመ የሚወጣው ከቦይለሩ ነው፤ ቫልቩን ይቀይሩ። መርካቶ የማይገኝ ዕቃ አይደለም፣ ከሬዚስታንስም በጣም ይረክሳል። ሲገዙ በአፍዎ ይሞክሩት፤ በቀስቱ አቅጣጫ ትንፋሽ ያሳልፋል፣ በተቃራኒው መያዝ አለበት።

6. ሙቀትና መብራት

ቴርሞስታቱን 60 ላይ ያድርጉት። ከ50 በታች ለረጅም ጊዜ የተቀመጠ ውሃ ባክቴሪያ ያራባል፣ 75 ደግሞ ሬዚስታንሱ ላይ የሚጋገረውን ኖራ ያፋጥነዋል። 60 ዲግሪ ውሃ በአምስት ሰከንድ ገደማ ቆዳ ያቃጥላል፤ ሕፃን ያለበት ቤት ሁልጊዜ ቀዝቃዛው ቀድሞ ይከፈት።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከሙቁ ቧንቧ እንፋሎት ከተፋ ቴርሞስታቱ ተጣብቋል ማለት ነው። ብሬከሩን አውርደው እስኪበርድ ይተዉት፣ ባለሙያ ሳያየው አያንሱት።

እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ቦይለሩ ይጥፋ። 3500 ዋት ምጣድ ብቻውን 16 አምፔር ይወስዳል፣ ቦይለሩ 7 ይጨምርበታል፤ በአሮጌ መስመር ላይ ይህ ከባድ ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስም ቮልቴጁ እስኪረጋጋ አሥር ደቂቃ ይታገሱ፣ በተለይ ቦይለሩ ዲጂታል ሰሌዳ ያለው ከሆነ።

7. ዓመታዊ ጽዳት

ከለገዳዲና ከገፈርሳ የሚመጣው በአብዛኛው የግድብ ውሃ ነው፤ ከአቃቂ የሚመጣው ደግሞ የጉድጓድ ነው። የጉድጓድ ውሃ በጥቅሉ ኖራ ይበዛዋል። ማሰሮና ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት የሚታይበት ሰፈር በዓመት አንዴ፣ ሌላው በሁለት ዓመት አንዴ ቢያጸዳ ይበቃል።

ብሬከሩን አውርደው በቴስተር መሞቱን ያረጋግጡ፤ ውሃው ይብረድ። ጌት ቫልቩን ዘግተው የሙቁን ቧንቧ ይክፈቱ፣ የሴፍቲ ቫልቩን ምላስ አንስተው በላስቲኩ ያፍስሱት። ሽቦዎቹን ከመፍታትዎ በፊት በስልክ ፎቶ ያንሱ። ሬዚስታንሱን አውጥተው ሌሊቱን አቼቶ ውስጥ ይዘፍዝፉት፤ በቢላ መፋቅ ሽፋኑን ይጎዳል። አጠገቡ ያለው የማግኒዥየም ዘንግ ታንኩን ከዝገት የሚያድነው ራሱ እየተበላ ነው፣ ከግማሽ በታች ከቀጠነ ይቀየር። የሬዚስታንሱን መግጠሚያ ጎማ በአዲስ ይተኩ፣ አሮጌ ጎማ ሁለተኛ ጊዜ አይይዝም።

8. ክፍል ማሞቅ

በክረምትና በኅዳር ታኅሣሥ ሌሊት ቤቱ ሲበርድ የኤሌክትሪክ ሂተር ከቦይለሩ ጋር በአንድ መስመር አያገናኙ። ከሰልን ግን መኝታ ክፍል በፍጹም አያስገቡ። ጭሱ አልቆ ፍሙ የቀላ ከሰልም ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ምሽት ላይ ከቦይለሩ ጥቂት ሙቅ ውሃ በላስቲክ ከረጢት ሞልቶ፣ በፎጣ ጠቅልሎ ብርድ ልብስ ውስጥ ማስገባት አልጋን በቂ ያሞቃል።

9. መቼ ይጣላል?

ከሙቁ ቧንቧ ብቻ የዛገ ውሃ ከወጣ የማግኒዥየም ዘንጉ አልቆ ዝገቱ ታንኩ ጋ ደርሷል። በጎማው በኩል የሚያንጠባጥብ ይጠገናል። ውሃው ከውጪው ቆርቆሮ መጋጠሚያ ከመጣ ግን የውስጡ ታንክ ተበስቷል። ብየዳ አይረዳም፤ ሙቀቱ በዙሪያው ያለውን የመስታወት ልባጥ ስለሚሰነጥቀው በጥቂት ወር ጎኑ ላይ እንደገና ያፈሳል። ሬዚስታንሱ፣ ቴርሞስታቱና ሴፍቲ ቫልቩ ጤነኛ ከሆኑ ፈትተው ያስቀምጧቸው።